በአሌክሳንድሪያው ጓሮ የመታነው የሱፍ ጨርቅ

ስለ ጨርቁ ከመጻፌ በፊት የማንን ጽሑፍ እንደምታነቡ እወቁ። የተወለድኩት መንዝ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ለአንድ በጋ ብቻ ነው፤ እሱም መምህሩ ሲታመም ተበተነ። ፊደል የለየሁት ከስኳር ከረጢትና ከላምባ ቆርቆሮ ላይ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ሰባት ሬዲዮ አበላሽቼ ሲሆን፣ ስምንተኛው ዛሬም ይናገራል ብባል አይገርመኝም። እንግሊዝኛዬንም ያገኘሁት ከዚያው ከስምንተኛው ነው። ልጄ ወረቀቷን ጨርሳ እኔንና እናቷን አሜሪካ ስታስመጣን ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ አዲስ ሙያ አይያዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቁልፍ ሁሉ ወገቤ ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጃኒተር ይላል። ሆኖም የማሞቂያው ቦይለር ሲያንኳኳ ፓስተሩ የሚደውለው ለኩባንያው ሳይሆን ለእኔ ነበር።

አንድ ጉድለት አለብኝ፤ እሱንም አልደብቅም። መቀመጥ አልችልም። ቅዳሴ ላይ እንኳ መቋሚያዬን ከእጅ ወደ እጅ ሳዛውር ነው የሚያልቀው። ሚስቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ሁሉ እሾህ የሚያበቅለው ላንተ ብቻ ነው?» ትለኛለች። አንድ ነገር ሲዘገይ ሳይ እጄ ይበላኛል። ዕድሜ ልኬን ብዙ ነገር የሠራሁት በዚህ ጠባይ ነው። ያንን ጨርቅም እንደዚያ ያደረግኩት በዚሁ ጠባይ ነው።

የጌሊክ ማኅበር የሚባሉት ሰዎች የመጡት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጌሊክ የስኮትላንድ ደጋና የደሴቶቹ ሰዎች የጥንት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ አይደለም፤ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው እንኳ አንዲት ቃል አይሰማበትም። ዋሽንግተንን በሚያህል ከተማ ውስጥ ይህን ቋንቋ ለማቆየት የሚሰበሰቡት ሃያ ቢሞሉ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ነርስ፣ የመንግሥት ጠበቃ፣ የኮምፒውተር ሰው። ብዙዎቹ አያታቸው ወይም የአያታቸው አባት በመርከብ ከመጣ ወዲህ ደሴቶቹን አይተው የማያውቁ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ተከራዩ። መጀመሪያ የቋንቋ ትምህርት፣ ቀጥሎ ዜማ፣ ከዚያ ሻይና ኬክ። ክረምት ሲገባ ቫዮሊን አምጥተው ይጨፍራሉ። ኬኩን ሁልጊዜ ያቀርቡልኛል፣ ጾም ሲሆን አይሆንም እላለሁ፤ እነሱም ሁልጊዜ «ዛሬም ጾም ነው?» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ጾም ነበር።

እኔ ሥራዬ ከፍቶ መዝጋት ነበር። ግን እነሱ ሲዘምሩ ከኮሪደሩ መራቅ አቃተኝ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ልክ እንደኛ ነው። የአዝማቹ ድምፅ ደግሞ ትርጉም የሌለው፣ አፍ ላይ የሚንከባለል ነገር ስለሆነ ቋንቋ ሳይችሉ ይያዛል። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ መጥረጊያ እንደያዝኩ፣ ከበር ኋላ አሥር ያህል አዝማች ያዝኩ። ቤት ገብቼ ለሚስቴ አንዱን አወረድኩላት።

«ጌሊክ ቻልኩ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው ያልከው?»

«ምንም ማለት አይደለም። አዝማቹ ትርጉም የለውም።»

«እንግዲያው እኔም እችላለሁ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ረጅም ጠረጴዛ ያውጡልን አሉኝ። ግራና ቀኝ ተቀመጡና ጫፍና ጫፉ የተሰፋ የሱፍ ብርድ ልብስ መሃል ላይ አኖሩ። ከዚያ እየዘመሩ፣ ሁሉም በአንድ ምት፣ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ ፀሐይ በምትዞርበት አቅጣጫ ከሰው ወደ ሰው ያሳልፉት ጀመር። መጥረጊያዬን ጣልኩ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ! በደሴቶቹ ላይ ሸማኔ የጨረሰው ሱፍ ልል ስለሆነ ሴቶች ተሰብስበው፣ አርጥበው፣ እየመቱ ያጠብቁት ነበር። ዜማው ለምቱ የወጣ ነው። እኛም አገር አባቴ የባና፣ የወፍራም ሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነበር፤ ከሸማኔ እጅ የወጣ ባና ወንፊት ነው፤ ውኃ ተደፍቶበት በእግር እስኪጠብቅ ይረገጣል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ረግጫለሁ።

ግን የነሱ ብርድ ልብስ ደረቅ ነበር። ተጠግቼ ዳሰስኩት። ድሮ የጠበቀ፣ ከሱቅ የተገዛ፣ ዓመት ሙሉ ቢመቱት የማይለወጥ ነገር ነው።

ሊቀ መንበሩን፣ ጺሙ ቀይ የሆነውን ጠበቃ፣ «ይህ እኮ የሞተ ጨርቅ ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኩት።

«ለማሳያ ነው» አለ። ፊቱ ቀላ። «ዜማውን ለማቆየት ነው የምንመታው።»

«እውነተኛ ጨርቅ መትታችሁ ታውቃላችሁ?»

 አርባ ዜማ ከወረቀት የሚዘፍኑ ሰዎች አንድም ቀን ጨርቅ አጥብቀው አያውቁም ነበር። እኔ ደግሞ ጨርቅ አውቃለሁ። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አላፈርኩም።

ይህን ስናገር ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና አሉ። ከመካከላቸው ደሴት ላይ የተወለዱት፣ ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር ያገኙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያኔ ሰማንያዎቹን አጋምሰዋል። ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ማኅበሩ የእናታቸውን ዜማዎች እንዲሰጡት ለዓመታት ለምኗቸዋል፤ ሊቀ መንበሩ ድምፅ መቅረጫ ይዞ በመጣ ቁጥር የሚሉት አንድ ነው፦ «ዜማው የጨርቅ ነው። ጨርቅ አምጡና እዘፍናለሁ።» ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠሩኝ። «ና፣ አንተ ባለ ቁልፉ።» እግራቸው ሥር ሻንጣ ነበር። ሲከፍቱት ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ከሸማኔ ዕቃ ከወረደ ወዲህ ውኃ ያልነካው ሱፍ ወጣ። ባላቸው ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጁ የሸመነው ነው። ጨርሶ አውርዶት ሳያጠብቀው ሞተ። ለሚስቱ ኮት እንዲሆን ነበር ያሰበው። ስድስት ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን ሴትዮዋ ቤታቸውን ለቀው አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ የቀራቸው ስድስት ሳምንት ነበር።

«ኮቱን ለብሼ ነው የምሄደው» አሉ። «በእጅ፣ በዜማ፣ በሥርዓቱ ካልሆነ አልፈልገውም። ማሽን ማሽን ከሆነ ባሌስ መቼ አጥቶት? ታውቅበታለህ?»

«ከኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚህ ከተማ የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ዛሬም እውነት ይመስለኛል።

የስፌት ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ለኮት ወርዱ ስንት መሆን እንዳለበት ነግራቸው ነበር። የነሱ መለኪያ የመሃል ጣት ርዝመት ነው፤ ያልጠበቀው ጨርቅ ወርዱ በሴትዮዋ ጣት አሥር ሆነ። ስምንት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከስምንት ከወረደ ኮት አይወጣውም። ሱፍ ደግሞ አንዴ ከጠበቀ የሚመልሰው ኃይል የለም። ይህን ሁላችንም አውቀን ነው የገባንበት። ሴትዮዋ ከጫፉ የቆረጡትን መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሰጡኝ። «በመጀመሪያ ይህን ሞክር፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እይ።»

ሚስቴ ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ ባየችው ቁጥር «ሞከርከው?» ትለኛለች።

«ምን ይሞከራል? ሱፍ ሱፍ ነው።»

«በግና በግ አንድ ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰባት ዓመቴ ላይ ስረግጥ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ገና አልተወለድኩም ነበር። ግን ሞክረው።»

አልሞከርኩትም። ሳምንታቱ እየሮጡ ነበር፤ እኔ ጠረጴዛ እዋሳለሁ፣ ትልልቅ ድስት እሰበስባለሁ፣ የጋዝ ምድጃ ጓሮ ድረስ እዘረጋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ መካከል ስንቴ እንደተመላለስኩ የመንገዱ ካሜራ ያውቃል። በተቀመጥኩበት ሁሉ እግሬ ብቻውን ይመታ ነበር።

ቀኑ የነሐሴ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ፍልሰታ። የአሌክሳንድሪያ ሙቀት ከወንዙ እርጥበት ጋር ተደርቦ ሸሚዝ ያጣብቃል። ጓሮው ውስጥ ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን አኖርን። አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፣ በሁለቱ ወገን ስድስት ስድስት። አሥራ አንድ መጡ። ሊቀ መንበሩ ዞር ዞር ብሎ አየና «እርስዎ ይግቡ» አለኝ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከበር ኋላ ነበርኩ። ገባሁ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ቁርጥማት ስለያዘው አይመቱም፤ ጫፉ ላይ ወንበር አስደርገው መለኪያውን ያዙ። ሁለት ሕግ ነገሩን። አንደኛው፣ ጨርቁ ከፀሐይ ዙር ተቃራኒ እንዳይሄድ። ሁለተኛው፣ በአንድ ጨርቅ ላይ የተዘፈነ ዜማ ዳግም እንዳይዘፈን፤ ለለባሹ ደግ አይደለም። ማኅበሩ አሥራ ሁለት ዜማ በቃሉ አጥንቶ መጥቷል።

ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሳሙና አድርጌ ጀመርኩ። ሊቀ መንበሩ አወረደ፣ ተቀበልን፣ እርጥቡ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ድም፣ ድም እያለ መዞር ጀመረ። አቤት ያ ድምፅ! ብርድ ልብሱን ሲመቱ የሚሰማው ጥፊ ነበር፤ ይኸኛው ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል። የማኅበሩ ሰዎች ፊት ተለወጠ። አስተማሪዋ ዜማው ከምቱ ጋር ለምን እንደዚያ እንደሚሰበር ያን ቀን ገና ገባት።

አንድ ዜማ አለቀ። ሴትዮዋ ለኩ። «አሥር።» ሁለተኛው አለቀ። «አሥር።» ሦስተኛ። «አሥር፣ ምናልባት ትንሽ ጎደል።» አራት፣ አምስት፣ ስድስት። «ዘጠኝ ተኩል።»

እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ አሰላሁ። ከስድስት ዜማ ግማሽ ጣት። በዚህ አካሄድ አሥራ ሁለቱ ዜማ ሲያልቅ ዘጠኝ ላይ ልንቆም ነው። እጄ በላኝ። የኛ ባና የፈላ ውኃ እየተደፋበት ነው የሚረገጠው፤ ለብ ባለ ውኃ የጠበቀ ሱፍ አላውቅም። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው ዜማ አለቀ፣ «ዘጠኝ ከሩብ» ተባለ፣ ሁሉም ውኃ ሊጠጣ ተነሣ። በዚህ መሃል ልጃቸው ደውላ ሴትዮዋ ወደ ቤት ገቡ።

የፈላውን ድስት አንሥቼ ፊቴ ያለው ጨርቅ ላይ ሙሉውን ደፋሁት።

ሊቀ መንበሩ «እሳቸው ይምጡ እንጂ?» አለ።

«እሳቸው ሲመጡ ሥራው ተሠርቶ ያገኙታል። አውርድ!»

አወረደ። ጨርቁ እጅ እስኪያስነካ በርዶ አሥረኛውን ዜማ ስንጀምር እጄ ሥር ያለው ሱፍ ሲኮማተር ተሰማኝ፤ ሕያው ነገር ይመስል። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፣ እልኸኛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይታገልሃል። ይህ ግን ለስላሳ፣ ቀጭን ክር ነበር። እንዲያ ያለ ሱፍ የፈላ ውኃ ሲነካው አይታገልም፣ ወዲያው እጁን ይሰጣል። ደስ እያለኝ መታሁ። ምቱን አፈጠንኩት፣ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ሴትዮዋ ሲመለሱ ቆመን ነበር። ጣታቸውን አኖሩ። ዳግም አኖሩ። «ሰባት» አሉ። ከጨርቁ ሲሶ ያህሉ፣ ውኃውን የደፋሁበት፣ ወፍሮ ቆሟል። የቀረው ገና ዘጠኝ ነው። ጨርቁ ወገቡ የታሰረ ጆንያ መሰለ።

«ማነው?» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጎበዝ ሰው ነው፤ «ሁላችንም ነን፣ ቸኩለን…» ብሎ ጀመረ።

«የምን ሁላችን?» አልኩ። «እኔ ነኝ።» ጥፋትም ቢሆን የኔን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

«ቁራጩን ሞክረኸው ነበር?»

«አልሞከርኩም።»

«ባሌ ኮት ነበር ያለኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።  የምሄድበት አጣሁ፤ ጠረጴዛውን አንዴ ዞርኩት። ዞሬ ስመጣ የሚደረገውን አውቄያለሁ።

«እንዲህ ሆኖ ከደረቀ ለውሻ ምንጣፍም አይሆንም» አልኳቸው። «ሰባቱን ወደ ስምንት መመለስ አይቻልም። ዘጠኙን ግን ወደ ሰባት ማውረድ ይቻላል። የጠበቀው ፊታችሁ ሲደርስ ሳትመቱ አሳልፉት፤ የላላውን ብቻ ምቱ። ውኃውን በየዜማው ጥቂት በጥቂት እሰጣለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ነክረው ካልፈቀዱ አልደፋም።»

ሴትዮዋ የወፈረውን በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ቀጥሉ።»

አሥራ አንደኛው አለቀ፣ አሥራ ሁለተኛው አለቀ፤ የላላው ስምንት ተኩል ላይ ነው። ዜማ አለቀብን። ሊቀ መንበሩ «ከመጀመሪያው እንድገም፤ ሕጉን ዛሬ ብንተወው…» አለ።

«አይደገምም።»

«ታዲያ ምን እንዝፈን? ሌላ በቃሉ የሚያውቅ የለም፤ ወረቀቱም ቤት ነው።»

ውኃው እየቀዘቀዘ ነበር። እኔ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እላለሁ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ ዝቅ ባለ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ አወረዱ። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዜማ ነው። አዝማቹን ሁለት ጊዜ አሉልን፣ በሦስተኛው ተቀበልን።

ሊቀ መንበሩ የያዘውን ጨርቅ ለቆ ወደ ቦርሳው ሊሮጥ ሲል፣ «የት ነው?» አሉት።

«ስልኬን፣ ልቅረጸው ብዬ…»

«እጅህ ጨርቁ ላይ!»

ተመለሰ። ምስኪን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር የሚመታው። ለዓመታት ሲለምነው የነበረው ነገር ከፊቱ ያልፋል፣ እሱ ሁለት እጁ ሳሙና ውስጥ ነው። ሴትዮዋ አንዱን ሲጨርሱ ጣታቸውን ያኖራሉ፣ ድስቱን ነክተው «ትንሽ» ይሉኛል፣ ትንሽ እሰጣለሁ፣ ሌላ ያወርዳሉ። ሰባት ዜማ ዘፈኑ። በአራተኛው ትንፋሽ አጠራቸው፣ ነርሷ ልታስቆማቸው ፈለገች፤ በእጃቸው ገፏት። በሰባተኛው መጨረሻ ጨርቁን ሙሉ ዙር እያዞሩ ለኩት። ሰባት። ሰባት። ሰባት። ሰባት።

ጨርቁ እንደዚያ ያለ ጨርቅ ነው የሆነው፤ ዝናብ አያስገባም፣ ነፋስ አያልፈውም፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ኮት ግን አይወጣውም።

አናንዴል የሚባል ሰፈር ልብስ የምትሰፋ የአገሬ ሴት አለች። ጨርቁ ሲደርቅ ሴትዮዋን በሊቀ መንበሩ መኪና ወሰድናቸው። እኔ የት የት እንደሚቆረጥ ለማሳየት ስጠጋ ሴትዮዋ ከኋላ፣ «እሱ መቀስ እንዳይነካ» አሉ። የአገሬ ልጅ በአማርኛ «አባባ፣ ምን አድርገዋቸው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም በአማርኛ ምን እንደምትሰፋ ነገርኳት። በርኖስ። እጅጌ የለውም፣ ጨርቅ አይፈጅም፣ ከትከሻ ይወርዳል።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ባዶ በሆነው ቤታቸው ውስጥ ለበሱት። ከጉልበታቸው በታች ደረሰ።

«ኮት አይደለም» አሉ።

«አይደለም፤ በርኖስ ይባላል። እኛ አገር ትልልቅ ሰው የሚለብሰው ነው።»

«እጆቼ ይበርዳቸዋል።»

«ወደ ውስጥ ያድርጓቸው።»

በዚያ የነሐሴ ሙቀት በርኖሱን እንደለበሱ እስከ አጥሩ በር ሄደው ተመለሱ። ሳያወልቁ ቁጭ አሉ። አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። «ይሞቃል» ብቻ አሉ። ወደ ልጃቸው ዘንድ ሲበሩ ለብሰውት እንደነበር ሊቀ መንበሩ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሷቸው ሲመለስ ነገረኝ።

እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው። ጨርቅ ሳያውቅ ለዓመታት የጨርቅ ዜማ የዘፈነን ማኅበር እውነተኛ ጨርቅ አስመትቻለሁ። ከበር ኋላ ተነሥቼ አሥራ ሁለተኛው ሰው ሆኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ወንበሬን የወሰደብኝ የለም። ሰባት ላይ የቆመን ሱፍ ያለ ማሽን ከዳር እስከ ዳር አስተካክያለሁ፤ ይህን የሚችል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ኮት አላደረግኩም። ሴትዮዋ ለዓመታት ሲለመኑ ያልሰጡትን ሰባት ዜማ እንዲያወጡ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ በጥፋቴ ነው፣ ግን እኔ ነኝ። ማኅበሩ ሌላ እውነተኛ ሱፍ ሲያገኝ ቁራጩን በመጀመሪያ አስሞክሬያለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከሰባቱ ዜማ አብዛኛው ከሰው ጆሮ ወጥቶ ጠፋ፤ ነርሷ አንድ ያዘች፣ አስተማሪዋ ግማሽ፣ እኔ ሁለት አዝማች ሙሉ በሙሉ። ሁለቱን ለማኅበሩ አስተምሬያለሁ። ሊቀ መንበሩ አንደኛውን በትክክል ለመያዝ አራት ቅዳሜ ፈጅቶበታል።